ከአማቶቼ ደጅ አልነሳም ያለችው ሞተሬ

ሞተር ሳይክል የገዛሁት መንገድ ርቆብኝ አይደለም። ጂኦግራፊ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዲላ ውስጥ ከተከራየሁበት ግቢ በጣም ቅርብ ነው፤ ሽንኩርት ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው ወጡ ሳያርበት ደርሶ ይመለሳል። የገዛሁት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሰው እንዲያየኝ ነው። ከሆሳዕና መጥቼ እዚህ ከተማ ስኖር በእግሬ ሳልፍ ዞር ብሎ ያየኝ ፍጡር ቢኖር የጎረቤት ውሻ ብቻ ነበር። እሱም በጥርጣሬ ነው።

እናም ገዛሁ። ሰማያዊ፣ የምታብረቀርቅ፣ መቀመጫዋ ገና በላስቲክ የተሸፈነ። ላስቲኩን አላነሳሁትም። እንዴት አነሳዋለሁ? ላስቲኩ ከተነሳ ሞተሯ አዲስ መሆኗን ሰው በምን ያውቃል? ስቀመጥበት ጭው ጭው ይላል፤ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ወደ ፊት አንሸራቶ ታንከሩ ላይ ይለጥፈኛል። ቢሆንም ክብር ነው።

ሻጩ ሲያስረክበኝ «ምንም አያስፈልጋትም፤ ነዳጅ ብቻ ስጣት» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ነዳጅ ብቻ የሚሰጣት ሞተር የሙት ልጅ መሰለችኝ። ስለዚህ ሌባ ሲነካት የሚጮህ አላርም አስገጠምኩላት። ከጎማዎቿ አጠገብ አረንጓዴና ሐምራዊ እያሉ የሚቀያየሩ መብራቶች አስገጠምኩላት። የስልክ ቻርጀር አስገጠምኩላት። መዝሙር የምናዳምጥበት ድምፅ ማጉያም ከሥር አስገባሁላት። የገጠመልኝ ሰው ሲጨርስ ራቅ ብሎ አያትና «አሁን የቀራት መሶብ ብቻ ነው» አለኝ። እኔ እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

አላርሙ ድመት ስታልፍ ይጮሃል። ዝናብ ሲያካፋ ይጮሃል። አከራዬ ጋሽ ታደሰ ሲያስነጥሱም ጮኾ ያውቃል። ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ናቸው። ዘመድ በሌለኝ ከተማ አባት ሆነውኛል። ትዕግሥታቸው ብዙ ነው፤ ግን አንድ ቀን ቁርስ ላይ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ይቺን ሞተር ከሌባ ጠብቀህልናል። ከሷ ማን ይጠብቀን?» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ማለዳ ቁልፉን ባዞር ሞተሬ ዝም። የማስነሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። «ጥጥ» አለች። ደግሜ ተጫንኩ። ደግማ «ጥጥ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ካልጋዋ መነሳት ያቃተው ሰው እንደሚያቃስተው። ዲላ ውስጥ ያልተነሳ ሞተር አጠገብ ቆሞ ብቻውን የሚቀር ሰው የለም። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ባጃጁን አቁሞ «ቤንዚኑ ነው» አለ። ሌላው ደርሶ «ቤንዚን አይደለም፤ ካርቡራተሩ ነው» አለ። ሁለቱ እኔን ረስተው እርስ በርስ ተጨቃጨቁ። የማስተምረው አንድ ተማሪ ሲያልፍ አይቶኝ፣ «ቲቸር፣ ሪስታርት ያርጓት!» ብሎኝ ሄደ። ሪስታርት እንዳላደርጋት መጀመሪያ መቼ ስታርት አደረገች?

ነገሩ ባትሪው ነበር። አላርሙና መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲመጥጡት አድረው ባዶ አድርገውታል። አስወልቄ ባትሪ ቻርጅ የሚደረግበት ቤት ወሰድኩት። ባለቤቱ ዝርዝሩን ሲሰማ «እነዚህን ጌጣጌጦች አንሳቸው» አለኝ። «አነሳቸዋለሁ» አልኩ። ሄጄ አንዷን ሐምራዊ መብራት ነቀልኩ። በሕሊናዬ ፊት ቃሌን ጠብቄያለሁ።

በዚህ መሀል ነው የምሕረት ነገር የመጣው። ምሕረት እኛው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። የተወለደችው ከይርጋጨፌ አለፍ ብላ ባለችው ጨለለቅቱ ነው። እንዴት እንደተዋደድን አልተርክም፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ደህና እንደነበርና እሷ ሁልጊዜ እንደምትቀድመኝ ብቻ ልናገር። ሽማግሌ እንድልክ ተስማማን። አባቷ አቶ በራሶ ቡናና እንሰት ያላቸው፣ ሠፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ለቅዳሜ ከሰዓት ተቀጠረ።

«ሁለት ነገር አደራ» አለችኝ ምሕረት። «አንደኛ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳያረፍዱ። አባዬ ሽማግሌ ካረፈደ በሩን አይከፍትም። ሁለተኛ፣ አንተ በዚያ አካባቢ ዝር እንዳትል። ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌ ሲገቡ ጠያቂው ራሱ ደጅ ቆሞ ከተገኘ፣ ‹ይሄ ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው?› ነው የሚሉት።»

«እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» አልኳት። ከልቤ ነበር።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ይርጋጨፌ ስለሚኖሩ በራሳቸው ይሄዳሉ። ዋናው ተናጋሪ ጋሽ ታደሰ ደግሞ ከዲላ በሚኒባስ ይሄዳሉ ተባለ። ቅዳሜ መናኸሪያ ስንደርስ ግን ሰው እንጂ መኪና የለም። ገበያተኛው ከነዶሮው ተሰልፏል። አንድ ሚኒባስ ስትመጣ ገና ሳትቆም ትሞላለች። ጋሽ ታደሰ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከራቫት አስረው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ከሰልፉ ጭራ ቆመዋል። ሰዓቱ ይሄዳል።

«ጋሽ ታደሰ፣ እኔ አደርስዎታለሁ» አልኳቸው።

«በምን?»

ቁልፌን ከኪሴ አወጣሁ። እሳቸውም ገባቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ፤ እየጸለዩ መሰለኝ።

ያን ዕለት ሞተሬ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ይሄን እንደ መልካም ምልክት ቆጠርኩት። ጋሽ ታደሰ ከኋላዬ ላስቲኩ ላይ ተቀመጡና ጭው አለ። «በደንብ ይያዙኝ» አልኳቸው። «እኔ የያዝኩት ጌታን ነው፤ አንተ መንገዱን ያዝ» አሉኝ። የወናጎን ከተማ በባጃጆች መሀል ተሽሎክልከን አለፍን። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ፍሬን ስይዝ ጋሽ ታደሰ በላስቲኩ ላይ ተንሸራተው ጀርባዬ ላይ ይለጠፋሉ፤ ነዳጅ ስሰጥ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ይርጋጨፌን ስናልፍ ማካፋት ጀመረ። እሳቸው ጃንጥላቸውን ሊዘረጉ ሞከሩ፤ ንፋሱ ሁለታችንንም ወደ መጣንበት ሊመልሰን ሲል ተውት።

ጨለለቅቱ ደርሰን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ታጠፍን። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ዳገት ነው። የነአቶ በራሶ ግቢ ከላይ በእንሰቱ መሀል ይታያል። ቆምኩ።

«እዚህ ላውርድዎት። ከዚህ በላይ እንዳልታይ።»

ጋሽ ታደሰ የተወለወለ ጫማቸውን አዩ፤ ጭቃውን አዩ። «ትንሽ ጠጋ አድርገኝ።»

ጠጋ አደረግኳቸው።

«እስከዚያች ዛፍ።»

እስከ ዛፏ ወሰድኳቸው።

«እስከ አጥሩ ጥግ ብቻ።»

እንዲህ እንዲህ እያልን በሩ ላይ ደረስን። ሞተሬ ደግሞ ዳገቱን በሙሉ ድምጿ ነው የወጣችው። ጋሽ ታደሰ ከኋላ ትከሻዬን እየመቱ፣ «አጥፋት! አጥፋት! ሰው ሰማ!» ብለው በሹክሹክታ ጮኹ። ደንግጬ እጄ ባገኘው ነገር ጸጥ አደረግኳት። እሳቸው ወረዱ፣ ሱፋቸውን አራገፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ገቡ። ሰዓቱ ገና ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ቀድመው ገብተዋል። እፎይ አልኩ። አሁን የቀረኝ ማንም ሳያየኝ ሹልክ ብሎ መውረድ ነው።

ማስነሻውን ተጫንኩ። ርርርርር አለች፤ አልተነሳችም። እንደገና ርርርር። እንደገና ርርር። ድምጿ እያነሰ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ያቺ የማውቃት «ጥጥ» መጣች። ባትሪው አለቀ።

አይዞህ፣ በእግር ይነሳል አልኩ ለራሴ። መርገጫውን ረገጥኩ። ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ ረገጥኩ። አንዴ መርገጫው ተፈናጥሮ ቅልጥሜን ሲመታኝ ያወጣሁትን ድምፅ ሽምግልና በተቀመጠበት ቤት ደጅ ማውጣት አይገባም ነበር። የእንሰት ቅጠል ተሸክማ የምታልፍ አንዲት ሴትዮ ሸክሟን አወረደችና፣ «ምን ሆነች?» አለች።

«ምንም፤ ደህና ናት።»

«እና ለምን ትመታታለህ?»

ሴትዮዋ ባሏን ጠራች። ባሏ ወንድሙን ጠራ። ወንድሙ ከቡና ሥር ሲኮተኩቱ የነበሩትን ሁሉ ጠራ። የጨለለቅቱ ሰው ደግ ነው፤ ችግሩ ደግነቱ ድምፅ አለው። አንዱ ታንከሩን ነቅንቆ «ቤንዚን አላት» ብሎ ለሁሉም አሳወቀ። «እንግፋ!» ተባለ። «ቀስ፣ እባካችሁ፣ ቀስ ብላችሁ» እያልኩ ስለምን፣ «አንድ! ሁለት! ሂድ!» ብለው ቁልቁል ገፉኝ። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ጎማው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። እኔም ተንሸራተትኩ። ከታች፣ ከሞተሬ ጋር ተቃቅፈን ተገኘን። እንደገና ወደ ላይ ገፍተው አወጡን፤ እንደገና ወደ ታች ለቀቁን። አልተነሳችም። ለሦስተኛ ጊዜ በሩ ላይ ስንደርስ ሁሉም ያለከልካል፤ እኔ ከአፍንጫዬ በስተቀር ጭቃ ያልነካው ቦታ የለኝም።

ላቤን ልጠርግ መሐረቤን ከኪሴ ሳወጣ የአላርሙን መቆጣጠሪያ ጨመቅኩት። ለሞተሩ ያልበቃው ባትሪ ለአላርሙ ሲሆን በቃ። ጉንፋን እንደያዘው ፍየል «ኧ፟... ኧ፟... ኧ፟...» እያለ ሠፈሩን አዳረሰ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ልክ በዚያች ሰዓት ጋሽ ታደሰ ውስጥ ቆመው፣ «ልጃችን ጭምት ነው። አለ እንኳ አይባልም፤ ድምፁ አይሰማም» እያሉ ነበር።

በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ወጡ። ሁሉም መንገድ ለቀቀላቸው። አቶ በራሶ መሆናቸውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የምሕረት ግንባር ነው ያላቸው።

«ይቺ ሞተር የማን ናት?» አሉ።

«የኔ... ማለቴ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። ሽማግሌውን ያመጣሁ።»

ምን ላድርግ? ሌላ ምን ይባላል?

አቶ በራሶ ጭቃዬን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለሴትዮዋ ሰጧትና ሱሪያቸውን ጠቀለሉ። «እንግዳ ደጄ ላይ ተቸግሮ፣ እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወሬ አልሰማም» አሉ።

«ኧረ አባቴ፣ ይተዉ፣ ይግቡ!»

«ያዝ መሪውን።»

ይታያችሁ። ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ልጃቸውን ሊጠይቁ ተሰድረው ተቀምጠዋል፤ የልጅቷ አባት ደግሞ ውጭ ጠያቂውን ከነሞተሩ ይገፋሉ። ቁልቁል ገፉኝ፤ አልተነሳችም። ወደ ላይ ስንመልሳት እሳቸው ጎኔ ሆነው እየገፉ ጨዋታ ጀመሩ።

«አንተ ከዲላ ነህ። ይሄን መምህር ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«በደንብ?»

«አብረን ነው የምንውለው።»

«እንዴት ነው ሰውዬው?»

ስለ ራሴ እንደዚያ አስቤ አላውቅም። ጥሩ ነው ብል ነገ ማንነቴ ሲታወቅ መሳቂያ ነኝ፤ መጥፎ ነው ብል ዛሬውኑ አበቃልኝ። «ደህና ነው» አልኩ።

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ኃይለኛ ነው? ይቆጣል?»

«ከማሽን ጋር ካልሆነ አይቆጣም።»

«ሞተር አለው ይላሉ። ይችላል መንዳት?»

ሁለታችንም የምንገፋትን ሞተር አየናት። «እየለመደ ነው» አልኩ።

አቶ በራሶ ትንሽ ገፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ከዚህ በፊት አንድ ሌላ መጥቶ ነበር» አሉኝ። «ኢንጂነር ነኝ አለ። አወራሩ ጣፋጭ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ አመኑት፤ እኔም አመንኩት። ስንጠይቅ ኢንጂነር አይደለም፤ ሚስትም አለችው። ልጄ ብዙ ጊዜ አለቀሰች። አሁን ሰው ሲያወራ አፉን አላይም። እፈራለሁ፣ ገባህ? የሽማግሌ ወሬ ሁሉ ማር ነው። ውስጡን በምን አውቃለሁ?»

ይሄን ምሕረት ነግራኝ አታውቅም። የሞተሬም ጉዳይ ለጊዜው ከራሴ ጠፋ። እኒህ ሰው በጭቃ ውስጥ ሆነው ይሄን የሚነግሩኝ የማያውቁኝ ሹፌር ስለሆንኩ ነው፤ እኔ ደግሞ እየዋሸኋቸው ነው። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ምሕረት ጫጫታው ምን እንደሆነ ልታይ ወደ በሩ ወጣች። አየችኝ። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ዞራ ከእንሰቱ መሀል ገባች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከቅጠሉ በላይ ይታየኛል። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላወቅኩም።

«ይቺ ልጅ ምን ሆነች?» አሉ አባቷ።

«ብርድ ይሆናል» አልኩ።

ደክሞኝ ግንባሬን መሪው ላይ ደገፍኩ። ዓይኔን ስገልጥ ከአፍንጫዬ ሥር አንዲት ቀይ ማጥፊያ አየሁ። በቀኝ እጅ በኩል ያለች ናት፤ ሰው ሲወድቅ ወይም ሲቸኩል ሞተሩን በአንዴ የሚያጠፋባት። እሷ ከተዘጋች፣ ባትሪም ይሙላ፣ ሠፈርም ይግፋ፣ ሞተር አይነሳም። እሷ ተዘግታለች። ማን ዘጋት? ጋሽ ታደሰ «አጥፋት!» ሲሉኝ ደንግጬ የተጫንኳት እሷን ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁልጊዜ በቁልፍ ነበር የማጠፋት፤ መኖሯንም ረስቻለሁ።

ቀና አልኩ። ሴትዮዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። ባሏ ወገቡን ይዟል። ወንድሙ ነጠላ ጫማው ተበጥሶ በእጁ ይዞታል። እነዚህን ሰዎች «ይቅርታ፣ በከንቱ ነው የገፋችሁት፤ እኔው ዘግቻት ነው» በሏቸው እስቲ! እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር? እኔ አላልኩም። የመፍቻ ቁልፌን አወጣሁ። እንደ ትልቅ መካኒክ ተንበርክኬ እሳት የምትለኩስበትን ካንዴላ ፈታሁ። ወደ ሰማይ አንስቼ በአንድ ዓይኔ አየሁት። እፍ አልኩበት፣ በሸሚዜ ጠረግኩት፤ በእርግጥ ሸሚዜ ጭቃ ስለነበር ይበልጥ ቆሸሸ። መልሼ ገጠምኩት። ከዚያ፣ የመሪውን ጭቃ የምጠርግ መስዬ፣ ቀይዋን በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ከፈትኳት።

«እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ» አልኩ።

ገፉኝ። ሞተሬ ገና ከመጀመሪያው ዙር ድም ብላ ተነሳች። ጭብጨባ ሆነ። ሴትዮዋ «ጌታ ይባረክ!» ብላ እጇን ዘረጋች።

«ምንድነው የነበረው?» አለ ባሏ።

«ካንዴላው እርጥበት ገብቶት ነው» አልኩ፤ ስናገር መሬት መሬት እያየሁ። «በዚህ አየር ያጋጥማል።»

አቶ በራሶ መሪው ላይ ያለ አውራ ጣቴን አየት አደረጉ። ኮታቸውን ለብሰው ገቡ።

እኔ እንዳትጠፋብኝ ነዳጅ እየሰጠኋት ከበሩ ፈንጠር ብዬ ጠበቅኩ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ የጋሽ ታደሰን ፊት ለማንበብ ሞከርኩ፤ ርዕሰ መምህር ስለነበሩ ፊታቸው አይነበብም። መጥተው ከኋላዬ ተቀመጡ። አቶ በራሶ እንግዶቹን ከሸኙ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አሉና ጎንበስ ብለው፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣

«ቀይዋ ነበረች፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ካንዴላ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ሹፌርም አይደለህም።»

«አይደለሁም» አልኩ። «ይቅርታ፣ አባቴ። ልነግርዎ ነበር።»

አቶ በራሶ ከልባቸው ሳቁ፤ ጥርሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው። «ሹፌር ነኝ ስትል መሬት አየህ። ካንዴላ ነው ስትል መሬት አየህ። ብርድ ነው ስትልማ ልትቀበር ነበር። አንተ ውሸት አታውቅም፤ ሞክረህም አይሆንልህም። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።» ከዚያ ቀና ብለው ሁሉም እንዲሰማ ጮክ አሉ፤ «ሹፌር! ለመምህሩ ንገረው። ለሽማግሌዎቹ ሌላ ቀጠሮ ሰጥቻለሁ። እኔ እምቢ ለምለው ሰው ቀጠሮ አልሰጥም!»

በደስታ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ አነሳሁ። አንዱ እጄ ፍሪሲዮን ይዞ ነበር። ሞተሬ ወደ ፊት ዘለለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ባትሪው ባዶ ነው።

«እኔ አልወርድም» አሉ ጋሽ ታደሰ ከኋላዬ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው። «ጫማዬን ቅድም አሳይቼሃለሁ።»

አቶ በራሶ ኮታቸውን ሊያወልቁ ሲጀምሩ ምሕረት ከእንሰቱ መሀል ወጣች፤ ዓይኗ በሳቅ ብዛት እንባ ሞልቷል። መጥታ ከአባቷ ጎን እጇን ሞተሬ ላይ አሳረፈች። ሴትዮዋና ባሏም መጡ። ሌላው ሰው ከአማቶቹ ቤት ታጅቦ ይወጣል፤ እኔ ተገፍቼ ወጣሁ። ግማሽ ቁልቁለት ላይ ስትነሳ ዞር ብዬ አየሁ፤ ምሕረት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ጫማዋ አንዱ ጠፍቶ፣ መንገዱ መሀል ቆማ ትስቃለች።